ሦስት ዙር ተኩል

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ ከአበርገሌ ቆላ ወደ ሰቆጣ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ አንድ ቃሬዛ ይመጣ ነበር። ስምንት ሰው ተሸክሞታል፤ ላዩ በቡልኮ ተሸፍኗል፤ ከቡልኮው ሥር የተጋደመው ነገር ረጅም ነው፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ሆድ አለው። ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ከበቅሎው ይወርዳል፣ የሄደበትን ትቶ ፊቱን ያዞራል፣ ቢያንስ አንድ ጋራ ያህል ትከሻውን ያውሳል፤ የአገሩ ወግ ነው። እንዲህ እየተቀባበሉ ሁለት ቀን ሙሉ አወጡት። አንዲት ሴትማ ያንን የተነፋ ሆድ አይታ "ወይኔ እህቴን፣ ምጥ ነው የያዛት!" ብላ ሦስት ጋራ እያለቀሰች ተከተለች። ለማረፍ ሲያወርዱት ነፋስ ቡልኮውን ቢገልጠው፣ የመኪና የኋላ አክስል።

"እንባዬን መልሱልኝ አለችን እኮ!" አለ ሻጩ ደጅይጥኑ፣ ብረቱን እመት ፋጤ ግቢ ውስጥ በሁለት ድንጋይ ላይ እያስጋደመ። "ይኸውልሽ እመት ፋጤ፣ ሙሽራዋን በስምንት ሚዜ አመጣሁልሽ። የመኪናሽ እህት ናት፤ የአንድ እናት ልጅ!"

እመት ፋጤ አልሳቀችም። ቃሬዛ ግቢዋ ሲገባ ልቧ ወርዶ ገና አልተመለሰም። ያውም እያወቀች ነው፤ ራሷ አይደለች እንዴ ያስመጣችው? ግን ልጅ ላሳደገ ሰው ቃሬዛ ቃሬዛ ነው።

ያሳደገችው ልጅ የልጇ ልጅ ነው፤ ሰላሕ ይባላል። እናቱ ሰሊማ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን በተስቦ ስትሞት ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እመት ፋጤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አታውቅም። ሲያስነጥስ ትነሳለች። ጫማውን ሳያራግፍ ሲያጠልቅ "ጊንጥ!" ትላለች። ውኃ ሲጠጣ እንኳ ቀስ በል ትለዋለች። ከዘመድ የተረፋት እሱ ነው፤ ከሀብት የተረፋት ደግሞ ባሏ ሀጂ ዓብዱልቃድር፣ አላህ ይዘንለትና፣ በንጉሡ ዘመን የገዛት አሮጌ ላንድሮቨር። መኪናዋም ብትሆን ባለፈው ክረምት ጥራሪ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ ስትላተም የኋላ አክስሏ ተሰንጥቆ፣ አምስት ወር ሙሉ ግቢ ውስጥ ዶሮ ስትሰፍርባት ቆይታለች።

ዶሮዎቹን ማስወረድ ግድ የሆነው ከመሐል አገር የመጣ አንድ የስምሪት ሹም ስለወሰነ ነው። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ወርዷል፤ ከከተማው ሠላሳ ስምንት ወጣት ይፈለጋል። ሹሙ ሰላሕን አስጠርቶ፣ "እህል የምታመላልስ መኪና ያለው ሹፌር እዚሁ ያስፈልገናል፤ ወረቀት ይጻፍለታል" አለ። "መኪናዋ ግን ስትሄድ በዓይኔ አያለሁ። ሐሙስ ጠዋት። ሐሙስ ካልሄደች አንተ ትሄዳለህ።"

ይህ የተባለው ባለፈው ቅዳሜ ነው። አክስሉ የገባው ማክሰኞ ጠዋት።

መካኒኩ ገብረ አማኑኤል በትሩን እየመረኮዘ መጣ። ልጅ ሆኖ ኮረም ላይ ከጣሊያን ነው የተማረው፤ የመኪና ብልት ሁሉ የሚጠራው በጣሊያን አፍ፣ የሚቆጣው በኽምጣኛ፣ የሚጸልየው በግዕዝ ነው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመቱ። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ከዚያ ያለፈውን ጣቶቹ ይጨርሱለታል።

"እስቲ ሙሽሪትን ላግኛት" ብሎ ብረቱ አጠገብ ተንበረከከ።

መጀመሪያ አሸተተው። ከዚያ ከበትሩ ጎን የያዘውን ሌላ እንጨት አወጣ፤ እንጨቱ ላይ በቢላዋ የተፋቁ ምልክቶች አሉ። አሮጌው አክስል ከመኪናዋ ሲወርድ ነው የለካው፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከባሌስትራው ሞላ መቀመጫ እስከ ባሌስትራው ሞላ መቀመጫ። አዲሱ ላይ አጋድሞ በአውራ ጣቱ ምልክት ለምልክት ዳሰሰ። ገጠመ። ጫፎቹን እየያዘ ነቀነቀ፤ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልተንገዳገደም። የዘይቱን መክደኛ አስፈታና ጣቱን ሰዶ ያወጣውን ጥቁር ዘይት ወደ ሰላሕ ዘረጋ።

"ፀሐይ ላይ እየው። እንደ ብር ብልጭ የሚል አለው?"

"የለውም አባቴ።"

"ደግ። ጥርሱን አልበላም።" እጁ በብረቱ አንገት ላይ ወጣና ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ደጋግሞ ዳሰሰው። "አንተ ደጅይጥኑ፣ እዚህ ላይ ቁጥር ነበረው። ማን ላሰው?"

"ዝገት ነዋ አባቴ! ቆላ እኮ ነው የኖረው።"

"ዝገት ሞረድ መያዝ የተማረው ከመቼ ወዲህ ነው?"

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ደጅይጥኑም አብሮ ሳቀ፤ ግን ቶሎ አቆመ። ገብረ አማኑኤል አልሳቀም፤ ተረከዙ ላይ ቁጭ ብሎ ለሰላሕ ያስረዳው ጀመር። እመት ፋጤ ከደጃፉ ቆማ እያንዳንዷን ቃል ሰማች፤ ስለ ልጁ ሲወራ ከጆሮዋ የሚያመልጥ የለም።

"ቤቱ የመኪናህ ቤት ነው። ውስጡ ግን የሌላ ሰው ልብ ሊኖር ይችላል። ይሄ ሆዱ ውስጥ ትልቁ ጥርሳም ቀለበትና ትንሿ ጥርስ አሉ። ያንተ መኪና የፊቱም የኋላውም እኩል ነው የሚዞረው፦ ጎማው አንዴ እስኪዞር የመሐሉ ዘንግ ለአምስት ዙር ሩብ ጉዳይ ይዞራል። ግን ከሌላ መኪና፣ ከፈጣኖቹ፣ ያወጡት ልብ እዚህ ቤት ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። የዚያኛው ዙር ሦስት ተኩል ነው።"

"ሦስት ተኩል ከሆነ አትሄድም ማለት ነው?" አለ ሰላሕ።

"ኧረ ትሄዳለች! ሜዳ ላይ እንዲያውም ትከንፋለች። ክፋቷ ዳገት ላይ ነው። የፊት ጎማውን የሚያሠራውን፣ የፊቱን ማርሽ ያስገባህ ዕለት የፊት ጎማ ሌላ ይላል፣ የኋላው ሌላ ይላል። አንድ ቀንበር ሥር አንዱ በሬ ሲሮጥ አንዱ ሲያዘግም አይተሃል? ቀንበሩ ይሰበራል። ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሣጥን፣ ነው የምታፈነዳው።"

"እንክፈተውና ጥርሱን እንቁጠረዋ።"

"ብከፍተው በምን እዘጋዋለሁ? የሚሞላው ዘይትስ የት አለ?" አለና ደጅይጥኑ ወዳለበት ዞረ። "መክፈት አያስፈልግም። አንዱን ጎን እኔ አጥብቄ እይዛለሁ፤ ሌላውን ሰላሕ ሁለት ዙር ሙሉ ያዞራል፤ መሐሉ ስንቴ እንደዞረ የሚቆጥር ይቆጥራል። አንዱ ጎን ስለተያዘ ሁለቱ ዙር እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው፤ የሚወጣው ቁጥር ያው ነው።"

"እኔ ልቁጠር" አለ ደጅይጥኑ።

"ሻጭ ሊቆጥር? አንተን ከማስቆጥር ዶሮዎቹን አስቆጥራለሁ።" ገብረ አማኑኤል ጭጋጋም ዓይኑን ወደ ደጃፉ መለሰ። "እመት ፋጤ ትቆጥራለች።"

ይህን ሲል ማንም አልተደነቀም። እመት ፋጤ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር የጨው ተራ ቁጭ ብላ አሞሌ ቆጥራ ያደገች ናት። ግመል አራግፎ ሻጭና ገዢ በቁጥር ሲጣሉ "ፋጤን ጥሯት" ይባል ነበር። ትመጣለች፣ አንዴ ትቆጥራለች፣ ትሄዳለች። ክርስቲያኑም እስላሙም "ፋጤ ቆጥራዋለች" ከተባለ አይደግምም። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ እንኳ፣ ሆሄ ላይ ብትንተፋተፍም፣ ቁጥር ላይ መምህሩን አርማ ምስክር ወረቀት ተቀብላለች። ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ በሀጂ ጥምጣም ተጠቅልሎ ይገኛል።

ከመሐሉ ዘንግ ማሰሪያ ቀዳዳ ላይ ጥቁር ክር አሰሩላት። ተንበርክካ ዓይኗን ክሩ ላይ ተከለች። ገብረ አማኑኤል በግራ በኩል የጎማውን ማሰሪያ ክብ ብረት አቅፎ ጆሮውን ለጠፈበት፤ ኩሽኔታውን ሊሰማ ነው። ሰላሕ በቀኝ በኩል ሁለቱ ዙር እንዳያልፍበት ራሱ ያሰመረው የከሰል ምልክት ላይ አፍጥጧል።

"በል አዙር፣ ቀስ ብለህ።"

ክሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ተመለሰ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ክሩ ከላይ ወደ ታች ወረደና ሰላሕ "ሁለት ሞላ!" ብሎ አቆመ። ክሩ መሬት መሬቱን እያየ ቀረ።

ሦስት ተኩል።

እመት ፋጤ ቀና አላለችም። ከሐሙስ በፊት ሌላ አክስል ከየት ይመጣል? አይመጣም። ይህን እውነት ብትናገር ገብረ አማኑኤል በትሩን አንስቶ ይሄዳል፤ የማይሆን ብረት ገጥሞ አያውቅም፣ ለማንም ብሎ አይገጥምም። ሰላሕም የአያቱ የሀጂ ግትርነት አለበት፤ "መኪናዋ ጎዶሎ ናት" ብሎ ራሱ ሄዶ ለሹሙ ይናገራል። ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንቱ ውስጥ ይገባል። የገቡት ደግሞ አልተመለሱም፤ ከነሱ ሰፈር ባለፈው ዓመት ከሄዱት ሰባት ልጆች የአንዱ እንኳ ደብዳቤ አልመጣም።

ግን ይቺ መኪና ትሄዳለች አላለም? ሜዳ ላይ ትከንፋለች አላለም? ሹሙ ያያታል፤ ወረቀቱ ይጻፋል። ዳገት አትችልም። እሰይ! አትቻል! ዳገት የማትወጣ መኪና ማለት ፈንጂ ወደተቀበረበት፣ ጥይት ወደሚጮህበት መንገድ የማትሄድ መኪና ማለት ነው። ልጇ ከወፍጮ ቤት መጋዘን፣ ከመጋዘን ወፍጮ ቤት እያለ ይኖርላታል። ማታ ለብቻው ጠርታ "የፊቱን ማርሽ እንዳትነካ" ትለዋለች። አላህ ራሱ በቡልኮ ጠቅልሎ የላከላት መሰላት።

"እህስ?" አለ ገብረ አማኑኤል።

"ለአምስት ሩብ ጉዳይ" አለች እመት ፋጤ።

"እርግጥ ነው?"

"እኔ ነኝ እኮ የቆጠርኩት።"

ሽማግሌው ጆሮውን ከብረቱ አላነሳም። ግራ እጁ አሁንም ብረቱ ላይ ነው። "በይ አንዴ ይደገም" አለ። ክሩን ወደ ላይ መለሰችው፤ ሰላሕ አዞረ። ክሩ እንደገና ሦስት ጊዜ ዞሮ ወደ መሬት አቀረቀረ፤ እሷም "ለአምስት ሩብ ጉዳይ" አለች። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለላት።

"ይገጠማ" አለ ገብረ አማኑኤል። "ፋጤ ቆጥራዋለች።"

ደጅይጥኑ በአግራሞት አያት። የሚያውቀውን ያውቃል፤ ሞረዱን የያዘው እጅ የሱ ሳይሆን አይቀርም። በዋጋ የተስማሙበትን ሁለት ጊደር ነድቶ ከግቢው ሲወጣ እንደሌላ ጊዜው አልቀለደም፤ ዓይኗንም አላየ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሲታሰር ዋለ። ባሌስትራው ተቀመጠ፣ ብሎን በብሎን ተጠበቀ፣ ዘንጉ ተገናኘ። ማታ እመት ፋጤ ሰላሕን ልትጠራው ነበር። ልጁ ግን እጁን ሳይታጠብ ነው መደቡ ላይ እንደወደቀ የተኛው፤ ልትቀሰቅሰው ሄዳ ፊቱን አይታ ተመለሰች። ወረቀቱ ይጻፍ፣ ማኅተሙ ይመታ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ አለች። ሳይጻፍ ብነግረው አፉ አያርፍም። ጋቢውን አስተካክላ አለበሰችውና ራስጌው ቁጭ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሹሙ መጣ። ሰላሕ ላንድሮቨሯን ከግቢ አውጥቶ በገበያው ሜዳ ሁለት ጊዜ ዞረ። ሰዉ አጨበጨበ።

"እማዬ፣ እንደ ድሮዋ አይደለችም!" አለ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። "ትከንፋለች!"

ገብረ አማኑኤል አንገቱን ሰበር አድርጎ እያዳመጠ ነበር። "ለሩጫዋ ድምፅዋ አነሰብኝ" አለ ለራሱ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ሊከዳኝ ነው ያለ ይመስላል።

ሹሙ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ተጽፏል፤ የቀረው ማኅተም ነው። "በጣም ጥሩ" አለ። "አሁኑኑ ስምንት ኩንታል ትጭናለች። አምደወርቅ እህል ይጠበቃል፤ ሦስት የጭነት መኪና አለ፣ ይቺ ከፊት እየመራች ትሄዳለች። ማኅተሙን ኬላው ላይ መኪናዋ ስታልፍ እመታለሁ።"

እመት ፋጤ የሰማችውን ለራሷ ደገመችው። አምደወርቅ? ከዚህ እስከ አምደወርቅ ዳገት እንጂ ሌላ ምን አለ? ጭነቱ ሲጫን ቆማ አየች። ሰላሕ ሞተሩን ሲያስነሳ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ መስኮቱን ያዘች። ሹሙ ሰላሕ ጎን ተቀምጧል፤ እስከ ኬላው አብሮ ይሄዳል። ወረቀቱ ከሸሚዙ ኪስ ነጭ ሆኖ ብቅ ብሏል፤ የማኅተሙ ሣጥን ጭኑ ላይ ነው።

"ሰላሕ፣ ልጄ፣ የፊቱን ማርሽ አታስገባ።"

"ኧረ! እና ዳገቱን በምን ልውጣው እማዬ? በዱዓሽ?"

ሹሙ ሳቀ። "ምነው እማማ፣ መኪናዋ ችግር አለባት እንዴ?"

ጠየቃት እኮ! በገዛ አፉ ጠየቃት። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ዓይኗ ኪሱ ላይ ነበር።

"የለባትም" አለች። "ብርድ ነው የፈራሁት። ጋቢህን ከጉልበትህ አታውርድ፣ የኔ ልጅ። መስኮቱን ዝጋ።"

ሰላሕ መስኮቱን ዘጋላት። ኬላው ላይ ማኅተሙ ተመታ፤ ወረቀቱን አንድ ዘበኛ አምጥቶ ሰጣት። ሐምራዊው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር፤ አውራ ጣቷ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ወሬው ገባ። የደሃና ዳገት ከግማሽ በላይ እንደተወጣ፣ ከሁሉ ጠባብ የሆነው መታጠፊያ ላይ፣ ሰላሕ የፊቱን ማርሽ ቢያስገባ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንዘፈዘፈች፣ እንደ ጠመንጃ ጮኸችና ካምቢዮዋ ተፈረካከሰ። መንገዱን ዘግታ ቀረች። ሦስቱ የጭነት መኪናዎች ከኋላዋ ወደፊትም ወደኋላም ማለት አቅቷቸው እዚያው አደሩ። ሲነጋ እህሉ የለም። ታጣቂዎች አውርደው ወስደውታል፤ ሰው ግን አልሞተም። እመት ፋጤ "ሰው ግን አልሞተም" የሚለውን ሰምታ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ሳትጨርስ የቀበሌው ጸሐፊ ይግዛው ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

"እመት ፋጤ፣ አሻጥር ነው እየተባለ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰላሕ ታስሯል። ገብረ አማኑኤልንም ዛሬ ጠዋት ከቤቱ ወሰዱት፣ 'መርምረህ የገጠምከው አንተ ነህ' ብለው።"

ሰኞ ዕለት ሳጥኗን ከፍታ የሀጂን ጥምጣም ፈታች። ወረቀቷን አውጥታ፣ አንድ ድስት ሽሮ ወጥና እንጀራ ይዛ እስረኞቹ ወዳሉበት ግቢ ሄደች።

ሹሙ ጠረጴዛው ላይ ሲጽፍ አገኘችው።

"ጌታዬ፣ ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። ብረቱ ሦስት ተኩል ነበር፤ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ብዬ ዋሸሁ። ልጁ አያውቅም። ሽማግሌውም አያውቅም።"

ሹሙ ብዕሩን አላስቀመጠም። "እማማ፣ እርስዎ ዲፈረንሻል የሚባል ነገር ያውቃሉ?"

"አላውቅም። ቁጥር ግን አውቃለሁ።" ወረቀቱን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ይኸው፣ መንግሥት ራሱ የመሰከረልኝ ነው። በሒሳብ ከመቶ መቶ ይላል። ተሳስታ ነው እንዳይሉኝ ነው ያመጣሁት። አልተሳሳትኩም። ቆጥሬ፣ አውቄ ነው የዋሸሁት።"

ሹሙ ወረቀቱን አነበበው። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ አጠገቡ ለቆመው ወታደር አሳየውና ሁለቱም ሳቁ።

"መንግሥት ያስተማረዎት አክስል እንዲመረምሩ ነው? አይ እናት! የልጅ ልጅ ፍቅር የማያናግረው የለም። ይሂዱ፣ ይግቡ ቤትዎ። መካኒኩ 'ራሴ ነኝ የቆጠርኩት' ብሎ ፈርሟል።"

"ምን ብሎ?"

"ፈርሟል። ጉዳዩ አልቋል።"

ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችው። ከሽቦው አጥር ወዲያ ገብረ አማኑኤል ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። የእግሯን ኮቴ አወቀው።

"ሽሮ ነው፣ አያ ገብረ አማኑኤል" አለችው። "ሥጋ አልነካውም።"

"አምጪው። ጾም ገብቷል፤ ሽሮ ደግሞ እስላም ክርስቲያን የለውም።" በጣቱ አጥሩን ዳስሶ ምግቡን ተቀበላት። አንድ ጉርሻ ጎርሶ ከዋጠ በኋላ፣ "ሦስት ተኩል ነበር፣ አይደል?" አለ።

"ነበር።"

"ጆሮዬ ነግሮኝ ነበር፤ ብረቱን እንዳቀፍኩ። ሐሙስ ዕለትም ነገረኝ። የጨው ተራዋን ፋጤን አምኜ ነው ጆሮዬን ዝም ያሰኘሁት።"

"ለምን ታዲያ 'እኔ ነኝ' ብለህ ፈረምክ? ለምን?"

"አንቺን ቢያስሩሽ ማን ስንቅ ያመላልስልኛል? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ" አለ። ቀልዱ እሱንም አላሳቀው። እንጀራውን ቆርሶ ከያዘ በኋላ ተወው። "ሂጂ አሁን። ነገ ግን ጨው ጨምሪበት።"

ያን ጊዜ ነው ከግቢው በር የመኪና ድምፅ የሰማችው። አንድ የጭነት መኪና በጀርባው ገባ። ለኮታው የተያዙትን ወጣቶች ከሁለት ክፍል እያወጡ ይጭኑ ጀመር። ሰላሕ የመጨረሻው ነበር፤ ወረቀቱ ተሰርዟል፣ ጥፋቱን ግንባር ሄዶ ይካስ፣ ሹፌርም ስለሆነ ይጠቅማል ተብሏል። ያንን ጋቢ ትከሻው ላይ ጥሏል። አያቱን ሲያይ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ማን እንደዋሸው አላወቀም። ያ ደግሞ ከሁሉ ባሰባት።

የጭነት መኪናው ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። ወታደሩ "ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው፣ አንድ ተርፏል" ይላል። ይግዛው ዝርዝሩን ይዞ "ሠላሳ ሰባት ነው የማገኘው" ይላል። ልጆቹ እየተጋፉ፣ እየተቀያየሩ፣ አንዱ ሌላው ሥር እየተደበቀ አስቸገሩ። የየቤቱ እናት በር ላይ ተኮልኩላ ታለቅሳለች።

"ከበዛ የመጨረሻውን አውርደው" አለ ሹሙ ከደጃፉ ሆኖ። "ካነሰ ሄደህ አንድ ያዝ። ኮታው ሠላሳ ስምንት ነው። ቶሎ በሉ!"

ይግዛው ላቡን ጠረገ። ዓይኑ እመት ፋጤ ላይ አረፈ። "እመት ፋጤ እዚህ ናት!" አለ በእፎይታ። "እሷ ትቁጠር። እሷ ከቆጠረች እኔ አልደግምም።"

በር ላይ ያሉት እናቶች ወደሷ ዞሩ። እነሱም ያውቋታል። እመት ፋጤ ወደ መኪናው ጀርባ ተጠጋች።

ቆጠረቻቸው። እንደ አሞሌ፣ አንዴ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። የወለተ ሚካኤል ልጅ አለ፣ የጥሩሐረግ ልጅ አለ፣ ታናሽ ወንድሙን አንድ ጊዜ ከተስቦ ያዳነችለት ልጅ አለ። መጨረሻው ላይ ሰላሕ አለ፤ ሁሉም ከገባ በኋላ የወጣው እሱ ነው። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ብትል ግን ይወርዳል። አንዲት ቃል ናት። ይግዛው አይደግምም፤ ሹሙም ቸኩሏል።

አፏን ከፈተች። ከሽቦው ወዲያ ገብረ አማኑኤል የያዘውን እንጀራ ትቶ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያዳምጣል።

ሁለት ጊዜ የዋሸ ምላስ ሦስተኛው ላይ እምቢ አላት። አልታዘዝ አላት። ወይም ፈራች፤ ያለ ልክ የተናገረችው ቁጥር ዳገት ላይ ወጥቶ ምን እንደሚያፈነዳ አይታለች፤ እሱን ባወርደው ሌላ ምን ይጠብቀዋል ብላ ፈራች። የትኛው እንደሆነ ኋላ ለራሷም ልትነግር አልቻለችም።

"ሠላሳ ስምንት" አለች።

"ልክ ነው" አለ ይግዛው፣ ዝርዝሩን እያጠፈ። "ፋጤ ቆጥራዋለች። ዝጋው!"

ወታደሩ የኋላ መዝጊያውን ስፖንዳ አንስቶ በብረት ቆለፈው።